የቀርከሃው ዘንግ

ጁን 3
ጎህ ሳይቀድ ነቃሁ፣ እንደ ልማዴ። ግን የት ልሄድ? ሐኪሙ ሦስት ወር መሪ እንዳትይዝ ብሎኛል፤ የወገቤ ዲስክ ተንሸራቷል። መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ሰጠኝ። ትናንት ተሳቢዋን እኔን ለሚተካው ወጣት ሾፌር ለዊቺያን አስረከብኩ። መስተዋቷ ላይ ያለውን የአበባ ጉንጉን በገዛ እጄ ቀየርኩላት፤ የመኪና ጠባቂ መንፈስ ሳይሰናበቱ መውረድ ነውር ነው።
"ቤቴ ጋ ስትደርስ ሁለቴ ክላክስ አድርግልኝ፣ ድምጿን ልስማ" አልኩት።
"ሚስትህ ጋ እየሄድክ መኪናዋ ናት የምትናፍቅህ አባባ?"
ይህ ልጅ አፉ...

ጁን 6
ማንኪያ የት እንደሚቀመጥ አላውቅም። በገዛ ቤቴ! ሚስቴ ላምዱዋን "እዚያ አይደለም፣ እዚያም አይደለም" ስትለኝ ዋለች።
ምሳ ላይ የዓሣ እሾህ ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ።
"አንቺ የምትልኪልኝ ዓሣ እሾህ አልነበረውም።"
"በአንድ እጅህ መሪ ይዘህ ነበራ የምትበላው። እሾሁን አንድ በአንድ እየለቀምኩ ነበር የምልክልህ።"
አላውቅም ነበር።

ጁን 9
ክላክሱ ተሰማ! የኔዋ ናት፣ ድምጿ አይጠፋኝም። ላምዱዋን ተስፈንጥራ በር ጥግ የቆመውን የቀርከሃ ዘንግ አነሳች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚያ ዘንግ ጫፍ ምሳዬን አንጠልጥላ፣ መሪው በቀኝ ነውና በግራው መስኮት አሳልፋ እጄ ድረስ ስታደርስልኝ ኖራለች። አዘግማለሁ እንጂ አላቆምም። ካቆምኩ ጂፒኤሱ ያሳብቃል፣ ስምሪት ክፍሉ ይጮህብኛል።
በሩ ላይ ስትደርስ እኔ ቤት መሆኔ ትዝ አላት። ዞራ አየችኝ። ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ዘንጉን ቦታው መልሳ ሩዟን መልቀም ቀጠለች።

ጁን 21
ዝናብ። ሌላ ምንም።

ጁላይ 4
ምን እናውራ? ያለንን ሁሉ በዚያች ግማሽ ደቂቃ ስንጨርስ ኖረናል። ደህና ነሽ? ወገብህስ? በርቺ... ከዚህ ሌላ ቃል የለንም ለካ።
እራት ላይ "መኪናው ላይ ስትሆን ይሻላል" አለችኝ፣ ሳትቆጣ።
"ለምን?"
"ይመጣል ብዬ እጠብቃለሁ። አሁን መጥተሃል... ምን ልጠብቅ?"
ብቸኝነት ያለው ጋቢና ውስጥ ይመስለኝ ነበር። ሰው አጠገብ ሲሆን ይብሳል።

ጁላይ 12
ጎረቤታችን እማማ ቡዋላይ መንገዱ ዳር የተጋደመውን ግንድ አሳየችኝ።
"ይቺን ግንድ እንዲህ ማን ያለሰለሳት ይመስልሃል?"
"ማን?"
"የሚስትህ ቂጥ ነዋ! ከረፋዱ ጀምራ ትጎለትበታለች። መቼ እንደምታልፍ ማን ያውቃል? አንተ ንጉሥ!"
እየሳቀች ሄደች። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። ክላክሱን ስትሰማ ከቤት ብቅ የምትል ነበር የሚመስለኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ!
ላምዱዋንን ጠየቅኳት። ለምን አልነገርሽኝም?
"ብነግርህ ታቆም ነበር?"


ኦገስት 2
ልጃችን ፕራኒ ወለደች። ላምዱዋን ልታርሳት ራዮንግ ከተማ ሄደች። "የአውቶቡሱ መንገድ ለወገብህ አይሆንም" ብላ ጥላኝ። እውነቷን ነው። ግን አንዴም ዞራ አላየችም።

ኦገስት 7
ዊቺያን ዛሬ ያልፋል። ሩዙን በእንፋሎት አበሰልኩ፣ ዓሣ ጠበስኩ። እሾሁን ስለቅም ሁለት ጣቴን ወጋኝ። በሙዝ ቅጠል ጠቅልዬ ከረፋዱ ግንዱ ላይ ተቀመጥኩ።
ዝናብ መጣ፣ ሄደ፣ ደግሞ መጣ። ለሽንት እንኳ አልተነሳሁም። ብነሳና ቢያልፍስ? የሰማሁት የከባድ መኪና ድምፅ ሁሉ እሱ ይመስለኛል። አይደለም።
ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጣ። ዘንጉን ዘረጋሁ። ዊቺያን ጥቅሉን አየ፣ መንገዱን አየ፣ "እግዜር ይስጥልኝ አባባ!" ብሎ አለፈ። ፊቴን አላየም። ክፋት የለውም፣ መንገድ ላይ ነው... እኔም እንደዚሁ ነበርኩ?
አለቀስኩ። ምን እደብቃለሁ፣ ለራሴ ነው የምጽፈው።

ኦገስት 19
ተመለሰች። ገና ቤት ሳትገባ "ዘንጉን ማን ነካው?" አለች።
"እኔ።"
ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆማ አየችኝ። ከዚያ ስለ ሕፃኑ እያወራችኝ አመሸች። "ያንተ ጆሮ አለው" አለች። ምስኪን ልጅ!

ሴፕቴምበር 1
ሐኪሙ ፈቀደ። ስምሪት ክፍሉም ደወለ። ነገ እወጣለሁ። ላምዱዋን ልብሴን ታጥፋለች፣ ደስ ብሏት ይሁን ከፍቷት አልገባኝም። መጠየቅ ፈራሁ።

ሴፕቴምበር 5
ክላክስ አላደረግኩም። ግንዱ ላይ ነበረች፣ እማማ ቡዋላይ እንዳለችው። መኪናዋን ስታይ ተነስታ ዘንጉን ከፍ አደረገች። ዳር ይዤ ፍሬን ያዝኩ። ሞተሩን አጠፋሁ። ወርጄ አጠገቧ ስደርስ እሷ ዘንጉን ሽቅብ እንዳነሳች ነበረች።
ወዲያው ስልኩ ጮኸ፤ ስምሪት ክፍሉ ነው። "ምን ሆነህ ቆምክ? አደጋ ነው?"
"ምሳ ላይ ነኝ።"
"የት?"
"ቤቴ።"
ብዙ አለ። ይበል።
"ይቆጡሃል፣ አንተ ሰውዬ" አለች ላምዱዋን። ግን ግንዱ ላይ ተቀምጣ፣ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። ቁጭ ብዬ በላሁ። ዓሣው አንድ እሾህ አልነበረውም።
ልሄድ ስነሳ "ከእንግዲህ አልለቅምልህም" አለችኝ። "የሚቆም ሰው በሁለት እጁ ነው የሚበላው። ራስህ ልቀም።"
እሺ አልኳት።