የአክስት ታን ጉልበት

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ዝናብ። ምሳ ኑድል፤ በርበሬው አስለቀሰኝ። አለቃ ፑ ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበንና፣ "ለአዲሷ ዘፋኝ አንድ ዘፈን እፈልጋለሁ። እስከሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ" አለ። የተመረጠለት ደራሲ ስሙ ይወጣል። ስሙ! እስካሁን የሠራሁት ሁሉ በስቱዲዮው ስም ነው የወጣው።

አንድ አለኝ። በፒያኖና በራሴ ድምፅ ብቻ። አባዬ በሕይወት ሳለ፣ ዝናብ ሲጥል እማዬ ጃንጥላ ይዛ ፌርማታው ላይ ትጠብቀው ነበር... ስለዚያ ነው። ለእማዬ በስልክ ላክሁላት። መልስ የለም።

ላይኛው ፎቅ የሚኖረውን ዴንማርካዊ፣ ራስሙስን፣ ደረጃው ላይ አሰማሁት።

"ቆንጆ ነው፣ ቺውቶንግ። ግን የሆነ ቦታ ሰምቼዋለሁ። የቻይና ዘፈን ሁሉ እንዲሁ ነው፤ የሰው ቅጂ።"

"የት ሰማኸው?"

"እንጃ... የሆነ ቦታ።"

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15

ራስሙስን፣ ስንት የቻይና ዘፈን ታውቃለህ አልኩት። በጣቱ ቆጠረ። አንድ እጁ በቃው! ይሄ ሁሉ ሕዝብ፣ አንድ እጅ ዘፈን። ሳቅሁበት። ግን "ቅጂ" የምትለዋ ቃል ጥርስ መሃል እንደገባች ሥጋ አልወጣ አለችኝ። እውነቱን ቢሆንስ?

ዓርብ፣ ኦክቶበር 17

ዋሽንት ጨመርኩ። ጉዤንግ፣ የኛን የጥንት ባለ ብዙ አውታር መሣሪያ፣ ጨመርኩ፤ አውታሩ ሁሉ ይንጫጫል። ጃንጥላዋን አስወጥቼ ጨረቃ አስገባሁ። ራስሙስ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። "አሁን ገና ቻይና ሆነ!" ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

እማዬ ከኩሽና አንገቷን ብቅ አድርጋ፦ "አንቺ፣ በዚህ ሙዚቃ ማሳጅ ቤት ልትከፍቺ ነው እንዴ?"

እሑድ፣ ኦክቶበር 19

ባለ ዋሽንቱን ልልክ ወሰንኩ።

"ያ የመጀመሪያውስ?" አለች እማዬ።

"ጣልኩት።"

ስልኳን አንሥታ ወደ ኩሽና ገባች።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 21

ጉድ ነው! ከእራት በኋላ የእማዬ የአደባባይ ጭፈራ ቡድን እንደ ልማዱ መስኮቴ ሥር ድምፅ ማጉያውን ለቀቀው። መስኮት ልዘጋ ስነሣ... የኔ ዘፈን! የጣልኩት! ከበሮ ተጨምሮበት፣ በእጥፍ ፍጥነት። ለካ እማዬ ከስልኳ ላይ ለቡድኑ መሪ ለአክስት ታን ሰጥታታለች። አክስት ታን ደግሞ የማንቂያ ደወል ብትሰጧት ከበሮ ጨምራ ትጨፍርበታለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ!

ሮጬ ወረድኩ። አሮጊቶቹ "ጃንጥላ" የምትለዋ ጋ ሲደርሱ ሁሉም እጃቸውን ወደ ላይ። ሁሉም ማራገቢያ ይዘዋል። እማዬ ብቻ ጃንጥላ ይዛለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ እግሯ ግን አንድም አልሳተ። ለላክሁላት መልሱ ይሄ ነበር?

መጨረሻ ረድፍ ላይ ራስሙስ። ሁሉም ቀኝ ሲሉ እሱ ግራ። ላቡ ይንጠባጠባል።

"ቺውቶንግ! ይሄ ነው እንግዲህ! ይሄ የማንም ቅጂ አይደለም! የማን ነው?"

"የሆነ ቦታ ሰምተኸዋል" አልኩት።

ትንሽ ቆይቶ ገባው። ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

አክስት ታን እጅጌዬን ጎተተች። "ደራሲዋ አንቺ ነሽ? ሦስተኛው ስንኝ ያጥራል። ዞሬ ሳልጨርስ ያልቅብኛል። ይሄን የሚያመኝን ጉልበት አታዪውም?"

"እሺ፣ አክስቴ።"

ዓርብ፣ ኦክቶበር 24

ዋሽንቱ ወጣ። ጨረቃዋ ተባረረች። ጃንጥላዋ ተመለሰች፣ ፒያኖው ብቻውን። ሦስተኛው ስንኝ ግን ረዘመ፤ ትናንት አደባባይ ላይ ሞከርነው፣ አክስት ታን ዞራ ደረሰች። ዛሬ ለአለቃ ፑ ሰጠሁት።

ሦስተኛው ስንኝ ላይ አስቆመው። መልሶ ሰማው።

"ይሄ እዚህ ጋ የሚጎተተው... እንዲህ የሚሠራ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ከየት አመጣሽው?"

"ከአክስት ታን ጉልበት።"

አልገባውም። ግን ስሜን ጻፈ። ስሜን! እማዬ ጎረቤቱን ሁሉ በአንድ ድስት ዙሪያ ለሚበላው ሆትፖት ጠርታለች።

ስገባ ራስሙስ ደረጃው ላይ ቆሟል። እያፈረ፣ "የጨረሽውን ለኔ አታሰሚኝም?" አለኝ።

ለካ የእሱን አስተያየት መጠየቁን ረስቼዋለሁ።