በደሃቦ ቢርካ ግድግዳ ላይ ያለው ሞስ

ዓርብ፣ ግንቦት 12 ቀን 1980
ሞሱን፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ፣ ለካሁ። ቁመት 31 ሳንቲ ሜትር፣ ወርድ 14። ሠላሳ ዓመት ለተማሪዎቼ በስዕል ብቻ ያሳየሁት ተክል ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ግቢዬ ድረስ መጣ። ድንጋዩን እንደ ከፋይ ጨርቅ አልብሶታል። እኔ ሳልቀጠር በፊት ከድሮው ትምህርት ቤት ጀርባም ነበር አሉ... ዛፎቹ ሲቆረጡ ደረቀ። ጅጅጋ ውስጥ ሌላ አላየሁም።
የሚጠጣው ከጎረቤቴ ከደሃቦ ቢርካ ነው። የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያዋ በእኔ በኩል ተሰንጥቋል። አልነገርኳትም። ጠብታ ናት... ምን ትጎዳለች?

ዓርብ፣ ሰኔ 3
31 ተኩል በ14። ስንጥቁ ረዝሟል። መዘገብኩ።

ሰኞ፣ ሰኔ 13
የደሃቦ እህት ዐርዶ ከሐርጌሳ ጦርነት ሸሽታ፣ በሐርተሼክ መጠለያ አድርጋ ገባች። ከስድስት ልጆች ጋር። ዝናብ የለም። ደሃቦ ውሃውን በጣሳ መስፈር ጀምራለች።
ከጠብታው ሥር ቆርቆሮ አስቀመጥኩ። ከጠዋት እስከ ማታ ሦስት ሊትር ተኩል። የስንት ልጅ መጠጥ ነው?

ማክሰኞ፣ ሰኔ 14
ነገርኳት።
"መቼ ጀመረ?"
"ዓመት ሆነው።"
"ዓርብ ዓርብ በማስመሪያ ስትለካ አይሃለሁ፣ መዓሊን።" መምህር ማለቷ ነው። "ግድግዳዬን የምትጠብቅልኝ መስሎኝ። ሲብስ ይነግረኛል ብዬ።"
ሞሱን አሳየኋት። ውሃ የሚስብበት ሥር እንደሌለው፣ ያለ ጠብታዋ እንደሚደርቅ ነገርኳት።
"ለዚህ ፂም?"
አልሳቀችም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 16
ውሃውን በበርሜል ቀድተው አወጡ። ግንበኛው ዋበሪ ከውስጥ ለሰነው። ስንጥቁ ከየት እስከ የት እንደሆነ ከደብተሬ አነበብኩለት። ስህተት አላገኘበትም።

ዓርብ፣ ሰኔ 24
ጫፉ ቡናማ ሆኗል። ላጠጣው? ከየትኛው ውሃ...

ዓርብ፣ ሐምሌ 8
ደሃቦ በአጥሩ ላይ ጠራችኝ።
"ለሶላት የምንታጠብበት ድንጋይ ጥላ አለው። ውሃው እንደሆነ መፍሰሱ አይቀርም። ፂምህን አምጣው።"
በቢላዋ ግማሽ መዳፍ የምታህል ላጥኩ። ድንጋዩ ላይ ለጠፍኩት።
"ልትለካው ስትመጣ ግን ቢርካውንም ታይልኛለህ።"
"አያለሁ።"
"ያየኸውንም ትነግረኛለህ።"

ዓርብ፣ ነሐሴ 6
ግድግዳው ላይ የቀረው ደርቆ ረግፏል። ድንጋዩ ላይ ያለው 6 በ4፣ አረንጓዴ።
ሰሞኑን ዘንቦ የቢርካው ውሃ አንድ ሜትር ከአሥር ሳንቲ ሆኗል። ስንጥቅ የለም።
ለደሃቦ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ግድግዳው ላይ የረገፈውንም ጭምር።