ሚኒስትሩ ሳጃና ላይ ተያዙ

ለውድ እህቴ ለአበባ፣

አንቺ፣ ባለቤትሽ አስፋውና ልጆቹ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከካርቱም ሙቀት በቀር የሚያስቸግረኝ የለም።

ሥራዬ ያው ግንባታ ነው። ዓርብ ዓርብ ግን ከጓደኛዬ ከፍሬው ጋር ሳጃና ሰፈር፣ አንድ ካፌ ጓሮ፣ በዩቲዩብ የምንለቀውን የፖለቲካ ቀልድ እንቀርጻለን። ባለፈው ፍሬው ሚኒስትር ሆኖ፣ ከረባት አስሮ፣ ውሃ የሌለው ቧንቧ ሲመርቅ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማ የሚጠይቁ ፖሊሶች ገቡና ሁለታችንንም ጣቢያ ወሰዱን።

መኮንኑ ከረባቱን አይቶ "ይሄ ደግሞ ማነው?" አለኝ።

"ሚኒስትር ነው፤ ማለቴ፣ ለቀልድ" አልኩት።

ቪዲዮውን አምጡ አለ። አማርኛ አይሰማም፤ ግን ፍሬው ሪባኑን ቆርጦ፣ ደረቁን ቧንቧ ከፍቶ ለራሱ ሲያጨበጭብ ሳቁ አመለጠው። "የኛዎቹም እንዲሁ ናቸው። ያላ፣ ሂዱ!" ብሎ ለቀቀን። ደጅ ስንወጣ መሬት ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ።

አሁን ቀልዱን ጭምብል አድርጌ ነው የምሠራው፤ ስሜንም ከቪዲዮው አውጥተነዋል። ያልደወልኩልሽ ካርድ አጥቼ አይደለም፤ ስልክሽን የሚያዳምጥ እንዳይኖር ፈርቼ ነው። ይህን የምታደርስልሽ ነጋዴዋ ጀሚላ ከእናንተ ስትመጣ አስፋውን መሥሪያ ቤቱ እንዳየችው አጫወተችኝ።

"ወንበሩ ላይ?" ብዬ ደጋግሜ ጠየቅኋት፤ በእኔ ቀልድ ሰበብ ያሰሩት መስሎኝ ነበር።

"ምን ነካህ? ወንበሩ ላይ፣ ሻይ እየጠጣ!" አለችኝ።

ያን ቀን እህል በላሁ።

ስለ እኔ ለሚጠይቅሽ ካላክላ የሚባል ሰፈር ግንበኛ ነው በዪው። ልጆቹን ሳሚልኝ። ኢንሻላህ በደስታ እንገናኛለን። መልስ አትጻፊ፤ ሁላችሁም ቤት መሆናችሁን ብቻ ለጀሚላ በቃል ንገሪያት።

ወንድምሽ ሰማኸኝ