በመስታወት ምድጃዬ ውስጥ የተጠበሰው ዓሣ

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለስቴላን፣
ፐርዝ፣ አውስትራሊያ

እንደምን ከረምክልኝ? ባለቤትህ ብሪጅትስ እንዴት ናት? ያ የወገብ ሕመሟ ለቀቃት ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትል ይይዛታል? ኖራና ትንሹ ቲም እንዴት አደጉ? የኖራ የጥርስ ሽቦ ወጣላት? እኔ ጉልበቴ ዝናብ ሲመጣ ከሚጠዘጥዘኝ በቀር ምንም አልሆንኩም። የመስታወት ሱቁም ሮጧል አልልህም፣ ቆሟልም አልልህም። አባባም ደኅና ናቸው። ይህን የመጨረሻውን ቃል ግን ዝም ብለህ እንዳታልፈው። ይህን ሁሉ ወረቀት የምጨርሰው ስለ እሱ ነው። በስልክ እንዳልነግርህ ስልኩ ያለው ከአባባ ወንበር አጠገብ ነው።

በቬክሼው የአረጋውያን ቤት ለአባባ ክፍል መገኘቱንና እስከ ጁላይ መጨረሻ መልስ መስጠት እንዳለብን ታውቃለህ። ባለፈው ደብዳቤህ «እናስገባቸው፣ አንቺም ትረፊ» ብለኸኛል። አልተቀየምኩህም። ስልክ በደወልክ ቁጥር «እሺ» እና «አይ» ብቻ ሲሉህ ሌላ ምን ልታስብ ትችላለህ? ስትሮክ ይዟቸው ቀኝ ጎናቸው ከተመታ ወዲህ ከወጥ ቤቱ መስኮት አይነሱም ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያ እጅ መስታወት ሲነፉ የኖሩ ሰው ሲኒ ማንሳት ሲያቅታቸው እጁን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው እንደ ሰው ዕቃ ያዩታል። እኔም እስከ ባለፈው ወር ድረስ ሐሳቤ ካንተ የተለየ አልነበረም።

የመስታወት ምድጃ መግዛቴን ነግሬሃለሁ። በጋ ላይ የሚመጣው እንግዳ ትልልቁን የአበባ ማስቀመጫ ወዲያ ወዲህ አገላብጦ ያየዋል፣ ያደንቀዋል፣ ከዚያ ሻንጣ አይገባም ብሎ ይሄዳል። በእጅ የተሠራ፣ ትንሽ፣ ለስጦታ የሚሆን ነገር ቢያገኝ ግን ሦስት አራት ይገዛል። ስለዚህ በልብስ ማጠቢያ ክፍላችን ውስጥ ምድጃውን ተከልኩና ከሚፈርሱ ቤቶች የመስኮት መስታወት እየሰበሰብኩ መሞከር ጀመርኩ። ሁለት መስታወት ትደራርባለህ፣ መሐሉ ላይ የበርች ዛፍ ቅጠል ታኖራለህ፣ ምድጃው ሲግል ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ቅጠሉ ይቃጠልና ጅማቱ ሁሉ የሚታይ ነጭ አመድ ሆኖ ውስጡ ይቀራል። ከዚያ ሌላ ዙር ቅርጽ ላይ ታስተኛዋለህ፣ ለስልሶ ሲጎብጥ ትንሽ ሳህን ይወጣሃል። ሲነገር ቀላል ነው።

መጀመሪያ ላይ ያበላሸሁት ብዛቱ! አረንጓዴ የጠርሙስ መስታወት ከመስኮቱ ጋር ቀላቅዬ በጣም ያማረ ሳህን አወጣሁ። መደርደሪያ ላይ አስቀምጬው እራት እየበላን ሳለ ቀጭ አለና ለሁለት ተከፈለ። አባባ ከሾርባቸው ቀና ሳይሉ «የማይስማሙ ሰዎች አጋባሽ። እስኪቀዘቅዙ ነው የታገሡት» አሉኝ። በዚያ ሳምንት ከአፋቸው የወጣ ረጅሙ ንግግር እሱ ነበር። ሌላ ጊዜ ግን ምድጃውን ዞር ብለው አያዩትም። ለእሳቸው ያልተነፋ መስታወት መስታወት አይደለም። ጠዋት ጠዋት ወደዚያ ክፍል ስገባ «ዳቦ ጋጋሪዋ ሥራ ገባች» ይላሉ፣ በቃ።

በዚህ መሐል የጎረቤታችን የእነ ሲቭ ልጅ ቬራ ለሠርጓ እንግዶች በሙሉ የበርች ቅጠል ያለበት ሳህን አዘዘችኝ። የመጀመሪያውን ዙር አግዬ፣ ምድጃው ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ትቼው ለዕቃ ወደ ቬክሼ ሄድኩ። መስታወት ከእሳት ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ከተቸኮለበት እንደሚሰነጠቅ ለአንተ አልነግርህም፣ የመንደራችን ልጅ ነህ። አባባን እንዲያዩልኝ ጋሽ ቱሬንና ጋሽ ሃልቫርን ለምኜ ነበር፣ እነዚያን ከመስታወት ፋብሪካው ጀምሮ የማይለዩአቸውን ጓደኞቻቸውን።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ የተጠበሰ የሄሪንግ ዓሣ ሽታ ከመንገዱ ተቀበለኝ። የልብስ ማጠቢያውን ክፍል ከፍቼ ስገባ ሦስቱ ሽማግሌዎች ምድጃዬን እንደ ካርታ ጠረጴዛ ከበውት ተቀምጠዋል። ክዳኑ ገርበብ ብሏል፣ ከሳህኖቹ በላይ የብረት ወንፊት ተዘርግቷል፣ ወንፊቱ ላይ ጨው የጠጣ ሄሪንግና ድንች ተደርድሯል፣ ስቡ በቬራ ሳህኖች ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ሳህኖቹ አንድም ሳይቀሩ ተሰንጥቀዋል። ጋሽ ቱሬ ቀድመው አዩኝና «ነይ ልጄ፣ ጅራቱን አስቀርተንልሻል» አሉ። ጋሽ ሃልቫር «ተዋት፣ ፊቷን አይተህ ተናገር እንጂ» አሏቸው። አባባ ደግሞ ይስቁ ነበር። ከእማማ ቀብር ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም፣ ዕንባቸው በተመታው ጉንጫቸው ላይ ይወርድ ነበር። እኔ ግን የዚያን ጊዜ ሳቃቸው አልታየኝም። የታየኝ የቬራ ሠርግ ነው። ምድጃውን አጠፋሁ፣ ዓሣውን አወጣሁ፣ ሁለቱን ጓደኞቻቸውን ወደየቤታቸው ሸኘሁ።

በማግስቱ ጠዋት ከማዘጋጃ ቤት የአረጋውያን ጉዳይ የያዘችው ካሚላ በቀጠሮዋ መጣች። ስቶክሆልም ያደገች ጨዋ ልጅ ናት። አባባ ራሳቸው ናቸው የዓሣውን ነገር ሳይደብቁ የነገሯት። እሷ ግን ስትወጣ በረንዳው ላይ ያዘችኝና፣ ዓሣ የሚጠበስበትንና መስታወት የሚሠራበትን ያልለዩ ሰው ብቻቸውን መዋል የለባቸውም፣ መርሳት እንዲህ ነው የሚጀምረው አለችኝ። እኔም በዚህ መንደር በእሳቸው ዕድሜ ያለ ወንድ ሁሉ ሄሪንግ የት ይጠበሳል ብትዪው ወጥ ቤት የሚልሽ አታገኚም፣ የፋብሪካው ሥራ ሲያበቃ ማታ ማታ የተነፋው መስታወት ቀስ ብሎ በሚቀዘቅዝበት ምድጃ እየጠበሱ ነው የኖሩት፣ ይሄ መርሳት ሳይሆን ማስታወስ ነው አልኳት። ሰማችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ «ግን መስታወቱ ውስጡ እንደነበረ ያውቁ ነበር?» አለች።

ማታ በማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት ያንን ጥያቄ ብቻ ነው። ካላወቁ አንተ ልክ ነህ፣ እኔም የአረጋውያን ቤቱን ወረቀት እፈርማለሁ።

ስለዚህ እንደ ልጅ ሳይሆን ዕቃው እንደተበላሸበት ነጋዴ ሄጄ ከፊታቸው ተቀመጥኩ። «አባባ፣ ሳህኖቹ ውስጥ መኖራቸውን ያውቁ ነበር?» አልኳቸው። ቆጣ ብለው «ዕውር ነኝ እንዴ?» አሉኝ። ሙቀቱን አንብበው ነው የከፈቱት። ፋብሪካው ውስጥ በዚያ ሙቀት ዕቃው በውስጡ እያለ በሩን ከፍተው ዓሣውን በአካፋ ያስገቡ ነበር፣ አንድም ነገር አይሰነጠቅም። «የኛ ምድጃ ግን ግድግዳው ጡብ ነው፣ ክንድ ሙሉ ውፍረት። በር ተከፈተ አልተከፈተ አያውቅም። ይሄ ያንቺ ጣሳ ክዳኑ ሲከፈትበት ትንፋሹ ነው የሚያልቀው። ግድግዳውን ቀድሜ መዳሰስ ነበረብኝ። ስህተቱ የኔ ነው፣ የቱሬ አይደለም» አሉኝ። ከዚያ «ክዳኑን ግን ከላይ ያደረገው ማነው? አሳየኝ ብትዪኝ ከጎን አደርግልሽ ነበር» ብለው በግራ እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ይሥሉልኝ ጀመር።

ስቴላን፣ አእምሮው የሚከዳው ሰው የት ላይ እንደሳተ አይነግርህም።

ከዚያ ወዲህ ምን እንደሆነ ልንገርህ። የቬራን ሳህኖች እንደ አዲስ ሠራናቸው። «ሠራናቸው» ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። አባባ ወንበራቸውን ወደ ምድጃው ክፍል አስገፉኝ። ቅጠሎቼን አይተው «እነዚህ ዶሮ የጫራቸው ይመስላሉ» አሉና ጋሽ ሃልቫርን ጥላ ካለበት ለጋ ለጋውን ልቀም ብለው ላኳቸው። ቅጠሉን የሚያሰናዱት በግራ እጃቸው ነው፣ በመቆንጠጫ፣ ሲንቀጠቀጥባቸው ደግሞ ይሰድቡታል። ቀኙ መስታወቱን ተጭኖ እንዲይዝ ተመድቧል፣ ከዚያ በላይ አይችልም፣ ግን ሥራ አለው። ጋሽ ቱሬ ስብ የጠገቡትን ሳህኖች ለሙሽራው እንስጥ፣ ዓሣ አጥማጅ አይደል ይሉን ነበር። ሳህኖቹ በሠርጉ ዋዜማ ደረሱ፣ ቬራም ወደደቻቸው።

ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ ላታልልህ አልፈልግም። ደረጃ ላይ መውጣት አይችሉም፣ መድኃኒታቸውን ካልሰጠኋቸው ይዘሉታል፣ ሲደክማቸው ይነጫነጫሉ። ምድጃው አሁን ቁልፍ አለው፣ ቁልፉ ከእኔ ጋር ነው፣ በዚህም ተጣልተናል። ሱቁን ከምሳ በኋላ ብቻ እከፍታለሁ፣ ያኔ ጋሽ ቱሬ ይመጡልኛል። አስቤ ገምቼዋለሁ፣ ይቻላል። ካሚላም ስለ ቬክሼው ክፍል ስታስረዳቸው «ቱሬና ሃልቫር ሄሪንጋቸውን ይዘው መግባት ይችላሉ ወይ?» ብለው ጠየቋት። እሳት አይፈቀድም ስትላቸው «እንግዲያው ክፍሉን ለሚጠብቀው ሰው ስጪው» አሏት።

እኔ ግን መልስ አልሰጠኋትም። ያለ አንተ አልወስንም ብዬሃለሁ፣ ቃሌን ጠብቄያለሁ። የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ደውልላቸው፣ ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው። እንዴት ነዎት ብለህ አትጠይቃቸው፣ እሱን ከጠየቅክ «እሺ» ነው የሚሉህ። ምድጃዬ ምን እንደጎደለው ጠይቃቸው። ከዚያ ስልኩን ከጆሮህ ትንሽ ራቅ አድርገህ ስማ። አሁንም «እሺ» እና «አይ» ብቻ ካሉህ በማግስቱ እፈርማለሁ፣ ቅር አልልም።

ከደብዳቤው ጋር ጥቅል ልኬልሃለሁ። ከተሰነጠቁት ሳህኖች አጥበው፣ ሰባብረው፣ እንደገና አግለው አባባ የሠሩት የመስታወት ዓሣ ነው። «ሄሪንግ ነው በይልኝ፣ ሌላ ዓሣ ነው ካለ ይመልስልኝ» ብለዋል። ጠርዙ አንድ ቦታ ላይ ስለት አለው፣ ከቲም እጅ አርቀው።

ለብሪጅት ሰላምታዬ ይድረሳት፣ ለወገቧ የሱፍ መቀነት በጥቅሉ ውስጥ አለላት። ኖራን ግንባሯን ሳምልኝ። ቲምን ሁለቱንም ጉንጮቹን ሳምልኝ፣ አያቱ ቁመቱን በሴንቲሜትር ላኩልኝ ብለዋል፣ ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም። ጋሽ ቱሬና ጋሽ ሃልቫር ሰላም ብለውሃል። አባባ ሰላምታ አልላኩም፣ ስትደውል ራሳቸው ይነግሩሃል።

እህትህ አኔሊ
ብዮርክሹልት፣ ስሞላንድ፣ ስዊድን
ጁን 17 ቀን 2024