ወደ ኋላ ስለማይሄደው አውቶሞቢል

ለክቡር ባላምባራስ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ለሰፈራችን ሹም፤
ሐረር፣ ጥር ፲፱፻፳፭ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በጁገል ግንብ ውስጥ መጽሐፍ እየጠረዝሁ የምኖረው ዐብዱሰላም፣ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ፤ የቤቴ ግድግዳ ግን ደኅና አይደለም። ይህንንም ሰው ሁሉ እንዲያነበው በገበያው በር ላይ የምለጥፈው በታላቅ ትሕትና ነው።

አንደኛ፣ በቅሎና አህያ ተጋፍተው በሚተላለፉበት መንገዳችን አዲሱን አውቶሞቢልዎን ስላስገቡልን እናመሰግናለን። አቧራውን ጠጥተናል፣ ጢሱንም ለምደናል።

ሁለተኛ፣ ሾፌርዎ እንደሻው ገና ለማጅ ነው፤ በዚህ አልወቅሰውም። ከቤቴ ጥግ ሲደርስ ጥቂት ወደፊት፣ ጥቂት ወደ ኋላ እያለ፣ አንገቱንም አዙሮ ሰው አለመኖሩን እያየ ቢመለስ ምንም ባልተነካ ነበር። እርስዎ ግን ሹም የተቀመጠበት ነገር ወደ ኋላ ከሄደ ሸሸ ያሰኛል ብለው ከለከሉት። ምስኪኑም ባንድ ጊዜ እዞራለሁ ሲል የደጃፌን መደብ አፈረሰ፣ የጎመን ሻጯን የገላነሽንም ቅርጫት ጨፈለቀ፤ እሷ ራሷ የተረፈችው ዘላ ነው። እርስዎ ያን ጊዜ ከወንበርዎ ሳይነሡ ጺምዎን ሲያሻሹ አይቼ፣ እውነቱን ልናገርና፣ አስጠሉኝ።

ሦስተኛ፣ አውቶሞቢሉ እንደልቡ እንዲዞር፣ የቤቴ የጥግ ክፍል ሐሙስ ጠዋት ይፈርሳል ተብያለሁ። በዚያ ክፍል የምትኖረው ዓይኗ የጠፋ እናቴ ዐዚዛ ናት፤ ውሃዋንም መስገጃዋንም የምታገኘው ያንን ግድግዳ እየዳሰሰች ነው። ሌላ ቤት ይሰጣታል ማለትዎን ሰምቻለሁ፤ ሌላ ዓይን አብረው ይሰጧት እንደሆነ ግን አልሰማሁም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ወይ ሾፌሩ ወደ ኋላ እንዲሄድ ይፍቀዱለት፣ ወይ አውቶሞቢሉን ከግንቡ በር ውጭ አቁመው እንደ እኛ በእግርዎ ይግቡ።

ለክብርዎ ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሣ፣ እስከ ሐሙስ ድረስ ጎረቤትዎ፣
ዐብዱሰላም መጽሐፍ ጠራዡ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት እርስዎ ለቅሶ ቤት ገብተው ሳሉ፣ እንደሻው ባዶውን አውቶሞቢል በዚያው ጥግ ቀስ እያለ፣ ወደ ኋላም ወደፊትም እያደረገ አዞረው። አንድ ጠጠር አልወደቀም፤ እናቴም ወጥታ ግድግዳዋን ዳስሳ አረጋግጣለች። ለካ ሲያስቸግር የኖረው ቤታችን ሳይሆን ከኋላ ወንበር ላይ የሚጫነው ጭነት ነው።