ከቆርቆሮ ክዳን ሥር

ባሕር ዳር፣ ነሐሴ ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.

ወንድሜ አገኘሁ፣ እንዴት ሰነበትህ?

ትናንት ሐይቁ ዳር ባለች ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አስቀደስሁ። የሣር ክዳኗን አንሥተው ቆርቆሮ አልብሰዋታል። ወንጌል ሲነበብ ዝናሙ ወረደ፤ ቄሱ ቢጮኹም አንድ ቃል አልሰማንም። አጠገቤ የቆመ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ፣ «አባባ፣ እኔ እኮ ከማሽን ጩኸት ልገላገል ብዬ ነበር የመጣሁት!» አለኝ። ሳቅሁ፤ ወዲያው ግን ጭንቅ ያዘኝ። በእንፍራንዟ ማርያማችን ዝናም ሲጥል እንኳ ሹክሹክታ ይሰማል። እሷንም በመስከረም ቆርቆሮ ልናለብሳት ነው። አያፈስም፣ እሳት አይፈራም ብዬ እኔም እሺ ብያለሁ። አሁን እንቅልፍ የለኝም። ያን ሣር ባለቤቴ እናትዓለም፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከሴቶቹ ጋር ተሸክማ ያመጣችው ነው። የምጨነቀው ለቤተ ክርስቲያኗ ይሁን ለእሷ መለየት አቃተኝ። ሣሩ ከተነሣ ልጆቻችንስ የማን ልጆች እንደ ሆኑ ምን አይተው ይወቁ? አንተ የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ነህና እባክህ እኔ ሳልመጣ ሣሩን አታስነካ።

ካርዱ ሞላብኝ። እትዬ አገርነሽን፣ የንስሐ አባቴንም ሰላም በልልኝ። ጉባኤው እምቢ ካለም፣ አንድ ዝናም ብቻ ከሣሩ ሥር ቆሜ ልስማ።

ወንድምህ ክንዱ