የጸሎት ርዕስ ሆንኩ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11፤ ጠዋት 12:40

ለቡ መብራት ኃይል፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ። ደብተሬ፣ ቆሜ ነው የምጽፍብህ፣ ፊደሌን ታገሠኝ። ክሊኒኩ ቀጠሮ ሰጠኝ፤ ሰኞ ጠዋት፣ ቫሴክቶሚ፤ የዘር ቧንቧዬን ላስቋጥር ነው። በማደንዘዣ ነው፣ ያው ቀን ወደ ቤት። ሦስት ልጆች አሉን፣ ሦስቱም ሴቶች፣ በቃን። አልማዝ በመጨረሻዋ ወሊድ ደም ፈስሷት ልትሞትብኝ ነበር። ክንዷ ላይ ያስቀበረችው መከላከያ አልተስማማትም፤ ክኒኑም ደም ግፊቷን ሰቀለው። አሁን ተራው የኔ ነው። ተስማምተናል። መኪናው መጣ።

ሐሙስ፣ ጥቅ. 13፤ ማታ

ተናድጃለሁ! የዛሬው የቤት ኅብረት እኛ ጋ ነበር። ዝማሬው ሳያልቅ መሪያችን ወንድም ደሳለኝ መሐል አንበረከከኝ፤ ሁሉም እጅ ጫኑብኝ። ለካ አልማዝ ቀጠሮዬን የጸሎት ርዕስ አድርጋ ሰጥታቸዋለች። በሰላም እንዲያልፍ ጸልዩ ነበር ያለችው። እነሱ እንዲቀር ጸለዩ። ስለ እንትኔ ሳሎን ሙሉ ሰው በልሳን! ከዚያ ደሳለኝ ወንድ ልጅ ይታየኛል አለ። አልማዝ ከሁሉም ድምፅ በላይ አሜን አለች። በጆሮዬ ሰማኋት።

ዓርብ፣ ጥቅ. 14

አላናገርኳትም። ታላቅ ወንድሜ ከሆሳዕና ደወለ፤ ወሬው እዚያ ደርሷል። እንደ በሬ ልትኮላሽ ነው አሉ፣ አለኝ። የሚቋጠረው ቧንቧው ብቻ ነው ብለው የት ይሰማል። ደሳለኝም ደወለ፣ ስብከት። ስለኔ ወንድነት ሁሉም ተጨንቋል። ስለ እሷ ደም የጠየቀኝ አንድም የለም። አንድም! ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

እሑድ፣ ጥቅ. 16፤ ከሰዓት

ቸርች ቀረሁ። እሷ ልጆቹን ይዛ ሄዳ ተመለሰች። አላስቻለኝም፤ ወንድ ልጅ ትፈልጊያለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ጮኬ መሰለኝ፣ ትንሿ አለቀሰች። አልማዝ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አልፈልግም አለች። ትንቢቱ ሲነገር ዝም ብትል፣ ነገ ወንድ ልጅ ያሳጣችው እሷ ናት ሊሏት ነው። ፈርታ ነው።

«አንተስ አንድ ቀን አትለኝም?»

ባሰብኝ። በሷ አይደለም። በደሳለኝ፣ በወንድሜ፣ ይህችን ሴት በገዛ ሳሎኗ አስፈራርተው አሜን ባሰኟት ሁሉ። ልጅቷን አቅፌ ወጣሁ።

ሰኞ፣ ጥቅ. 17፤ ጠዋት 1:15

አብራኝ ልትመጣ ለባብሳለች። አይሆንም አልኳት። ጎትታ ወሰደችው እንዲሉ አልፈልግም። ተቆጣች፣ ኋላ ገባት። ሐሙስ ኅብረቱ ደሳለኝ ቤት ነው። ለምስክርነት እነሳለሁ። ማንም አልገፋኝም፣ ወስኜ ያስቋጠርኩት እኔ ነኝ፣ ሚስቴ እንድትኖርልኝ ነው እላለሁ። ጮክ ብዬ። አልማዝ አጠገቤ ተቀምጣ ትስማው።